የአየር መለኪያውን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ

ለተከበሩ የአየር ጥራት ክትትል ክፍል ኃላፊ
አራተኛ ፎቅ፣ ማቀዝቀዣው የሚሠራበት ክፍል

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና አንዲት ነፍሰ ጡር በንብረትነት እንድትመዘገብልኝ መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ ወንበርዎና ከራስጌዎ ካለው ማሽን የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ሁሉም በነበሩበት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ቤተሰቤ ጭሱን ከቁጥር ካላስገባነው ደህና ነን፤ ጭሱን ደግሞ እርስዎም ከቁጥር ስላላስገቡት ቢያንስ በዚህ ነጥብ ተስማምተናል ማለት ነው።

ምናልባት አያስታውሱኝም ይሆናል፤ የሥራዎ ብዛት ይታወቃል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ የመኪና ወንበር ልብስና የጭነት ሸራ የምሰፋው ሰው ነኝ። አምና ጸሐፊዎ ደውላ ለአንድ ውድ ዕቃ ልብስ እንደሚፈለግ ስትነግረኝ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ አራት ፎቅ በደረጃ ወጣሁ። እርስዎም ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከወንበርዎ ተነስተው፣ መናኸሪያውን ቁልቁል የሚያየውን የሰገነት በር በገዛ እጅዎ ከፍተው፣ ትንሽ ፍሪጅ የምታክል ነጭ ሣጥን አሳዩኝ። አቧራ እንዳይገባባት፣ ፀሐይ እንዳያገኛት፣ ወፍ እንዳያርፍባት አደራ አሉኝ። በአነጋገርዎ ውስጥ የነበረው ርኅራኄ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል።

እኔም ሣጥኗ ምን እንደምትሠራ አልጠየቅኩም። በሙያዬ የሚጠየቀው ቁመት፣ ወርድና ቀለም ነው። ከላይ ውሃ የማያስገባ ሸራ፣ ከሥሩ ደህና ውፍረት ያለው ስፖንጅ አደረግኩላት፤ ዙሪያዋን በዚፕ ዘጋሁት፤ ማዕዘኖቹን ደግሞ በቀይ ክር ደርቤ ሰፋሁ፤ ይህ የእኔ ስፌት መሆኑን የመናኸሪያው ሾፌር ሁሉ የሚያውቅበት ምልክቴ ነው። ሲረከቡኝ ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ እንዲህ የተዋጣለት ሥራ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ይህንኑ ሦስት ቀን ሙሉ ለባለቤቴ ብደጋግምላት፣ በአራተኛው ቀን ሣጥኗን እንደ ሁለተኛ ሚስት ላመጣት እንደምችልና እሷም ቦታ እንደምትለቅ አስታወቀችኝ።

ሣጥኗ አየር መለኪያ መሆኗን ያወቅኩት በዚህ ወር ነው። በፊቷ ላይ ባለችው ቀዳዳ አየር እየሳበች፣ ምን ያህል ጭስ፣ ምን ያህል ሙቀት እንዳለ ቀን ከሌት የምትቆጥር ኖራለች። ያቺን ቀዳዳ ነው እንግዲህ እኔ በስፖንጅ የደፈንኩት። እንዴት እንዳወቅኩ ይነግርዎት ዘንድ ይህ ደብዳቤ ትንሽ ይረዝማል፤ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ልጄ በመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ ነች። የምትሠራባት ክፍል ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ሲሆን፣ ያላት ቀዳዳ የመንገደኛ እጅ የሚገባባት አንዲት መስኮት ብቻ ናት። አውቶቡሶቹ ደግሞ በደንቡ መሠረት ጀርባቸውን ለመስኮቷ ሰጥተው ይሰለፋሉ። ሾፌሮቹ ተራ እስኪደርሳቸው ሞተር አያጠፉም፤ ባትሪያቸው ካረጀ ስለቆየ አንዴ ካጠፉት መንገደኛው ወርዶ መግፋት ይኖርበታል። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ የናፍጣው ጭስ ከጭስ ማውጫው ተነስቶ ያለ ትኬት በመስኮቷ ይገባል። እኩለ ቀን ላይ ጠረጴዛው ላይ ያለው እስክሪብቶ ቀለሙን ይተፋል፤ ጠዋት ቀዝቅዞ የመጣው የመጠጥ ውሃ እግር ለመታጠብ የሚሆን ይሆናል። ይህንን ሁሉ ልጄ ሁለት ዓመት ችላ ኖራለች፤ ዘንድሮ ግን ብቻዋን አይደለችም። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች።

በሰባተኛው ወር መጨረሻ ገደማ እግሯ ሲያብጥና ራሷን ሲያማት ለእርግዝና ክትትል አብሬያት ሄድኩ። አዋላጇ ከቦርሳዋ ያወጣችው ሜትር ከእኔ አንገት ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ፤ የሙያ ባልደረባ ያገኘሁ መሰለኝ። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ቁጥሩን ስትጠራ ሰማኋት፤ ከታች ካለው አጥንት እስከ ማህፀኗ አናት ሃያ ስምንት ሴንቲ ሜትር። ደግማ ለካች። ሠላሳ ሁለት ሳምንት የሞላት ሴት ሆድ እዚያው ሠላሳ ሁለት አካባቢ መሆን እንዳለበት የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። በእኔ ሙያ አራት ሴንቲ ሜትር ከጎደለ ልብሱ የሌላ ሰው ልብስ ነው። በአልትራሳውንድ ሲታይም ፅንሱ ከዕድሜው አንሶ ተገኘ፤ የእናቲቱም የደም ግፊት ከፍ ማለት ጀምሯል።

አዋላጇ ጠንቃቃ ሴት ናት። ጥፋቱ ሁሉ የአውቶቡሶቹ ነው ብላ እንደማትምል ነገረችን። ነገር ግን የናፍጣ ጭስ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከሳንባ አልፎ ደም ውስጥ እንደሚገባ፣ እስከ እንግዴ ልጁ ድረስም እንደሚዘልቅ፣ ሙቀት ደግሞ እርጉዝን ሴት ውሃ እያሳጣ ልቧን እንደሚያደክም፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ልጅ ያለ ጊዜው ወይም ከክብደቱ በታች የመወለዱ ዕድል እንደሚጨምር አስረዳችን። የሥራ ቦታዋን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ማንሳት የማንችለው ሸክም ሞልቷል አባቴ፤ የምንችለውን ግን እናንሳላት" አለችኝ።

ልጄ በማግሥቱ ለመናኸሪያው ኃላፊ ማመልከቻ አስገባች። የጠየቀችው ሰማይ ውረድ አይደለም፤ አውቶቡሶቹ ዞረው ፊታቸውን ወደ መስኮቷ፣ ጭሳቸውን ወደ ሜዳው አድርገው ቢቆሙ፣ ከቆርቆሮው በላይ ጥላ የሚሆን ሸራ ቢወጠር (ሸራውን እኔው አመጣለሁ)፣ ይህ ሁሉ ካልሆነ እስክትወልድ ድረስ ምድር ቤት ወዳለው የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ብትዛወር። ያ ክፍል ቀዝቃዛ ነው፤ አንድ ጤነኛ ሠራተኛ አራት ጃንጥላና የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ እግር ጫማ ይጠብቅበታል። የመናኸሪያው ኃላፊም ወይ ፍንክች፤ አየሩ መበከሉን የእርስዎ ክፍል ካላረጋገጠ እጃቸው የታሰረ መሆኑን ገልጸው ጉዳዩን ወደ እርስዎ መሩት።

መልስዎ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ደረሰ። በመናኸሪያውና በአካባቢው ያለው አየር ላለፉት ስድስት ወራት "እጅግ በጣም ጥሩ" እንደነበር፣ አማካይ ሙቀቱም ሃያ አንድ ዲግሪ መሆኑን አበሰሩን። ይህንንም የሚያሳይ ሰንጠረዥ አያይዘዋል፤ መሣሪያው በተገቢው ጥንቃቄ የተያዘ ስለመሆኑም ማስረጃ እንዲሆን ፎቶግራፉን አክለዋል። ልጄ ወረቀቱን ሱቄ ድረስ ይዛ መጥታ፣ የስፌት መኪናዬ ላይ ዘርግታ፣ ፎቶግራፉን ረጅም ሰዓት አየችው።

"አባዬ፣ ይሄ ቀይ ክር ያንተ አይደለም?" አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ የገዛ ልጄን ማመልከቻ ውድቅ ያደረገው ማስረጃ የተሰፋው በገዛ እጄ ነው፤ ያውም ደርቤ። ያን ዕለት የተሰማኝን እፍረት ለማንም አልመኝም፤ ለእርስዎ ግን ትንሽ ትንሽ እመኝልዎታለሁ።

በማግሥቱ ስፌቱ እንዴት እንደያዘ ለማየት መጣሁ ብዬ ወደ ቢሮዎ ወጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ ወደ ሰገነቱ ስትወስደኝ የሣጥኗ ቦታ ባዶ ነው። ሣጥኗን ያገኘኋት በእርስዎ ክፍል ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው ሥር፣ ከነልብሷ፣ ዚፗም እስከ ላይ ተዘግቶ ነው። ጸሐፊዎ እንዳስረዳችኝ ሙቀቱ እንዳይጎዳት በጋው ከመግባቱ በፊት በእርስዎ ትዕዛዝ ወደ ውስጥ ገብታለች። እንግዲህ በስድስት ወር ውስጥ የተለካው አየር የእርስዎ አየር ነው፤ እርሱም በእርግጥ እጅግ በጣም ጥሩ ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ተንፍሼው መስክሬያለሁ።

ይህንን ሁሉ ካየሁ በኋላ ዝም ብል ምስጋና ቢስ እሆናለሁ። ስለሆነም ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሰንጠረዡ መስመር አመሰግናለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠመኔና በማስመሪያ ጨርቅ ላይ ሳሰምር ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር ግን አንድ ቀን አልወጣልኝም። አውቶቡስ የቆመበት ሰዓትና ያልቆመበት ሰዓት፣ ዝናብና ፀሐይ፣ የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን ሳይለይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማይነቃነቅ መስመር ሲመለከቱ ምንም ሳይጠረጥሩ መፈረምዎ የልብዎን ንጽሕና ያሳያል።

2ኛ. ስለ ሃያ አንዱ ዲግሪም እንዲሁ። ባለቤቴ የወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረንን ቴርሞሜትር ነቅላ ልጃችን የምትቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ በስድስት ሰዓት ተኩል ሠላሳ ዘጠኝ አሳየ። ባለቤቴ ቴርሞሜትሩ ነው የተሳሳተው ብላ ይቅርታ ትጠይቅዎታለች። ያልተማረ ቴርሞሜትር ነው፤ ልብስም የለውም።

3ኛ. የልጄ ባል በሰልፉ ሦስተኛ የሚቆመው አውቶቡስ ሾፌር ነው። አዎ፣ እርሱም ሞተር አያጠፋም፤ ይህንን ባለቤቴ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ምሳውን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚበላው። ባለፈው ሰኞ ማንንም ሳይጠይቅ አውቶቡሱን አዙሮ ፊቱን ወደ ሚስቱ መስኮት አድርጎ አቆመ። መንገደኛው ስምንት እርምጃ ጨምሮ ተሳፈረ እንጂ አንድም ሰው አልሞተም። ልጄ ያን ዕለት ከዚያ ከአንዱ አውቶቡስ ጭስ አርፋ ዋለች። በሁለተኛው ቀን የአሰላለፍ ሥርዓት በማፋለስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ማስጠንቀቂያውም "አየሩ ንጹህ መሆኑ በሚመለከተው ክፍል የተረጋገጠ ስለሆነ" ብሎ ይጀምራል። የሚመለከተው ክፍል የእርስዎ ነው፤ አሁን አውቶቡሱ ወደ ደንቡ ተመልሷል፤ ጭሱም ወደ ልጄ።

4ኛ. ይህኛውን ባለቤቴ ጽፋው ነበር። አንብቤ ከደብዳቤው አወጣሁት፤ ለመሥሪያ ቤት የሚላክ ቃል አይደለም።

5ኛ. በመልስ ደብዳቤዎ መጨረሻ ለነፍሰ ጡር ሠራተኞች የለገሱት ምክር በቤታችን ጮክ ተብሎ ተነቧል። በሥራ ሰዓት ንጹህ አየር ባለበት ቦታ አልፎ አልፎ እንዲንሸራሸሩ፣ ብዙ ውሃ እንዲጠጡና ከጭንቀት እንዲርቁ መክረዋል። ልጄ ምክሩን ለመፈጸም ከወንበሯ ብትነሳ ከኋላዋ ያለው ቆርቆሮ አንድ እርምጃ ላይ ይገጥማታል። ውሃ ብዙ እንዳትጠጣ ደግሞ ሽንት ቤቱ በሜዳው ማዶ ነው፤ መስኮቱን ዘግታ በሄደች ቁጥር ሰልፉ ይጮህባታል። ከጭንቀት መራቁን ሞክራለች፤ የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ነው የተመለሰባት።

ምስጋናዬ በዚህ ያበቃል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ልመና ነው።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ሣጥን አቧራ እንዳይነካት ልብስ ያለበሱ፣ ፀሐይ እንዳያገኛት ከሰገነት ያወረዱ፣ ሙቀት እንዳይጎዳት ከማቀዝቀዣዎ ሥር ያስቀመጡ ሰው ነዎት። ጭስና ሙቀት ጉዳት እንደሚያደርሱ ከእርስዎ በላይ የገባው ሰው በከተማው የለም፤ ያንን ጉዳት ለመከላከል ምን መደረግ እንዳለበትም አንድ በአንድ ያውቃሉ። ችግሩ ልጄ ሰው መሆኗ ብቻ ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤትዎ የንብረት መዝገብ ላይ እንደ አንድ መሣሪያ እንድትመዘገብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የንብረት መለያ ቁጥሩ ሆዷ ላይ ካልሆነ በቀር የትም ቢለጠፍባት አትቃወምም። ከተመዘገበች በኋላ ጥላ፣ ቀዝቃዛ አየርና ከአቧራ መጠበቅ ያለ ማመልከቻ እንደሚሰጣት እርግጠኛ ነኝ። ሥራ ይበዛባታል ብለው እንዳይሰጉ፤ መለካቱን ለምዳዋለች። የመናኸሪያውን አየር ለሁለት ዓመት ያለማቋረጥ ስትስብ የኖረች፣ አፏም በስፖንጅ ያልተደፈነ መለኪያ በከተማው ውስጥ እሷ ብቻ ናት፤ ንባቧንም አዋላጇ በየሁለት ሳምንቱ ትመዘግባለች።

ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁምና እንደ አባት አንድ ነገር ልበል። እፈራለሁ። ልጄ ፊቴ ላይ እንዳታነበው ስል ስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ እውላለሁ። እሷም እንዳልፈራ ብላ ትስቃለች፤ ሁለታችንም አንተማመንም። አውቶቡስ ማዞር ከመሪው በቀር ምንም አይጠይቅም። ሸራው ተቆርጦ ሱቄ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሚያስፈልገው ከአየር መለኪያዋ ላይ ልብሱን ማውለቅና ወደ ሰገነቷ መመለስ፣ ከዚያም ያየችውን መጻፍ ነው። ዚፑ በግራ በኩል ይከፈታል፤ ኮሚቴ አያስፈልገውም።

መሥሪያ ቤትዎ ለአቤቱታ መልስ የሚሰጠው በአርባ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መሆኑን በራፉ ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ አንብቤያለሁ፤ ዘጠኝ ሳምንት መሆኑ ነው። እምቢታ በዘጠኝ ቀን ያደረሰ መሥሪያ ቤት እሺታን በዘጠኝ ሳምንት ቢያደርስ አይፈረድበትም። አዋላጇ ግን ሁሉም ነገር ከተሳካ የቀረው ስድስት ሳምንት ነው ትላለች፤ ካልተሳካ ደግሞ ቀኑን እሷም አታውቀውም። የሚመጣው እንግዳ የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን የሚለይ አይደለም፤ ሰሌዳም አያነብም።

የአራተኛው ፎቅ ንጹህ አየር ከእርስዎ እንዳይለይ፣ ማቀዝቀዣዎም ለአንድ ቀን እንኳ እንዳይበላሽብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ደጋግሜ እጅ የምነሳ፣

የመሣሪያዎ ልብስ ሰፊና የአንዲት ትኬት ቆራጭ አባት

ግልባጭ፦
ለመናኸሪያው ኃላፊ (እጃቸው ከታሰረበት ሲፈታ እንዲያነቡት)
ለጠፉ ዕቃዎች ክፍል (የሚጠበቁት አራቱ ጃንጥላዎች እንዲያውቁት)
ለባለቤቴ (4ኛው ቁጥር መውጣቱን እንድታረጋግጥ)

ማስታወሻ፦ ትናንት ጸሐፊዎ በድጋሚ ደውላልኝ ነበር። መግቢያው ላይ ያለው የሕዝብ አስተያየት መስጫ ሣጥን ከላይ ባለው ቀዳዳ አቧራ እየገባበት ስላስቸገረ ልብስ እንድሰፋለት አዝዘዋል። ስለ አመኔታዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን የስፌት መኪናዬ በሌላ ሥራ ተይዟል። ለሚወለደው ልጅ የመጀመሪያ ልብሱን ልሰፋ ነው። ሙያውን ከያዝኩ ጀምሮ ልኬት ሳልወስድ ጨርቅ ቆርጬ ስለማላውቅ መቀሱን ይዤ ተቀምጫለሁ። አዋላጇ ሐሙስ ትለካታለች። አውቶቡሶቹ እስከዚያ ከዞሩ ጨርቁን ሰፋ አድርጌ እቆርጣለሁ። ካልዞሩ ግን ልኬቱን እርስዎ ይንገሩኝ።